ጣሪያ የምታየው ልጅ

ገንዳ ውሃ፣ መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለመሠረት፣

በሰው አገር ስትወጪ ስትገቢ መድኃኔዓለም ካንቺ አይለይ። እንደምን ከርመሻል? እኔ ወገቤን፣ እናትሽ አገኘሽ ደግሞ ጉልበቷን ከማለታችን በቀር ደህና ነን። በእኛ ዕድሜ ምንም የማያመው ሰው ካለ የሞተ ብቻ ነው።

ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ይኸው ወደ ድሮው ተመለስን። ከቄስ ትምህርት ቤት ወዲህ ይህን ያህል ቀለም አላፈሰስሁም። ፊደሌ ከተንጋደደብሽ አንቺም ጋደም ብለሽ አንብቢው። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ የእኛው አዛናው ነው፤ ተሳቢውን ይዞ ገዳሪፍ ድረስ እጭናለሁ ብሎኛል።

ሰሊጡ ዘንድሮ ይዟል፤ ተመስገን ነው። አጫጆቹ ሳሉጎች ከደጋ ወርደውልን አጨዳ ጀምረናል። አንዱ የጎጃም ልጅ ማጭዱን ይዞ ቆሞ «አባባ፣ ይህ ፀሐይ ማታ ማታ የት ነው የሚያድረው? ልሂድና ልለምነው» ይለኛል። ሰሊጥ ግን ልመና አያውቅም፤ አንድ ሳምንት ከዘገየህ ፍሬውን መሬት ላይ አራግፎ ይጠብቅሃል።

አሁን ወደ ልጅሽ ልምጣ። አባቷ ምንይችል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከሞተ፣ አንቺም ከሄድሽ ወዲህ ያደገችው ከሁለት ሽማግሌ ጋር ስለሆነ ጠባይዋም የሽማግሌ ሆኗል። በአራት ዓመቷ «ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ጉልበቴን ይዞኛል» ትላለች። ታዲያ ሰሞኑን ዓለሜን ወባ ነካክቷታል። አትደንግጪ፤ ጤና ኬላ ወስደናት ደሟን አይተው ኪኒን ሰጥተውናል። ችግሩ ኪኒኑ ሆዷ ውስጥ አይረጋም፤ ያስመልሳታል። እናትሽ በማር ለውሳ ሰጠቻት፤ ማሩን ዋጠች፣ ኪኒኑን ለእኔ መለሰችልኝ።

እዚያ ለማስመለስ የሚሆን መድኃኒት አይጠፋም ይላሉ። ካገኘሽ ላኪልን። ሌላ ነገር አንፈልግም።

አባትሽ ፈንቴ

ገዳሪፍ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ፣

በናፍቆት እጅ እነሣለሁ። የእማዬንም ጉልበት በሩቅ ስሜያለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የምሠራበት የረፊቃ ቤት ከካርቱም በተፈናቀሉ ዘመዶቿ ሞልቷል፤ ድስቱም አይወርድ እኔም አልቀመጥ። ቢሆንም ሰዎቹ ደግ ናቸው። ራሳቸው ቤታቸውን ጥለው መጥተው «አንቺስ ልጅሽን ማን ያዘልሽ?» ብለው ይጠይቁኛል።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ በሥራ መሐል ነው። «ወባ» የሚለውን ሳይ ሽንኩርቱን እሳት ላይ ጥዬ ወደ ሰይደሊያው ሮጥኩ፤ እዚህ መድኃኒት ቤቱን እንደዚያ ነው የሚሉት። ባለቤቱ ሙሐመድጣሂር የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ሰው በር ድረስ ተሰልፎ ነበርና ከሰው ትከሻ በላይ «ለማስመለስ! በወባ!» ብዬ ጮህኩ። ወዲያው አውጥተው ሰጡኝ። ከምግብና ከወባው ኪኒን በፊት አንድ አንድ ፍሬ፣ ጠዋት፣ ቀንና ማታ ነው። ያረረው ሽንኩርት ቤቱን ሙሉ ሲሸት ውሎ ረፊቃ ግን አልተቆጣችኝም።

አባዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። የዓለሜን እግር ወረቀት ላይ አቁመው በእርሳስ ዙሪያውን ይሣሉልኝ። ጫማ ልገዛላት ነው፤ እግሯ ምን ያህል እንዳደገ አላውቅም። ሌላ ሰው እንዲህ ሲል ብሰማ እናቷ አይደለሽም ወይ እለው ነበር።

እማዬ ዓለሜን አቅፈው ሲያስተኟት በእኔም ስም አንዴ ይሳሟት።

ልጅዎ መሠረት

ገንዳ ውሃ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለመሠረት፣

የላከው እጅሽ ይባረክ፤ ያመጣው አዛናውም መንገዱ ይቅናው። እንደምን ነሽ? እኛ ደህና ነን።

ኪኒንሽ ወርቅ ነው! ማስመለሱ ቀጥ አለ፣ የወባው መድኃኒትም ሆዷ ውስጥ ረግቶ ሥራውን ሠራ። ትኩሳቱ ለቋታል። እናትሽ አሁን ያንን ኪኒን ከጠበል ቀጥሎ ነው የምታየው። ዓለሜ ምግብ እምቢ ስትል አንድ ትሰጣታለች፣ ሆዴን ስትል አንድ ትሰጣታለች። ጎረቤት ሲለምናት ግን «አልቋል» ትላለች፤ ስስታም አድርገሽብኛል። በእርግጥም ሊያልቅ ነውና ስትችዪ ጨምረሽ ላኪ፤ ከወባ የተነሣ ልጅ ምግብ ይቸግረዋል።

እግሯን ሥያለሁ፤ ወረቀቱ እዚህ ውስጥ አለ። እርሳሱ ኮርኩሯት እየሳቀች ስለሸሸች አውራ ጣቷ ላይ መስመሩ ተጣሟል። ስድስት ጣት አወጣች እንዳትዪ።

ሰሊጡን አጭደን ነዶው ቆሟል፤ እየደረቀ ነው። የጎጃሙ ልጅ ፀሐይዋን ለምዷታል፤ አሁን ደግሞ በዘፈን አላስተኛን ብሏል።

በነገራችን ላይ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በሟቹ በምንይችል ወገን ዓይኑን የሚያመው ሰው ነበረ ወይ? ማለቴ፣ ዓይኑ የሚሄድበት? እንዲያው ነው የጠየቅሁሽ። እናትሽ ጠይቃት ስላለች ነው።

አባትሽ ፈንቴ

ገዳሪፍ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። አዛናው ሞተሩን አስነሥቶ እየጠበቀኝ ስለሆነ አላስረዝምም። የጠየቁኝን ኪኒን በርከት አድርጌ ገዝቻለሁ፤ ጫማውም አብሮ አለ። ቀይ ነው። ለእድገት አንድ ጣት አስፍቼዋለሁ።

በምንይችል ወገን ዓይኑን የሚያመው ሰው የለም። እናቱ እስኪሞቱ ክሩን በመርፌ ቀዳዳ ራሳቸው ያሳልፉ ነበር።

አባዬ፣ እርስዎ «እንዲያው ነው የጠየቅሁ» ብለው እንዲያው የጠየቁት ነገር ኖሮ አያውቅም። በሬው የሞተ ቀንም «እንዲያው የበሬ ዋጋ ስንት ደረሰ?» ብለው ነው ከማሳ የገቡት። ዓለሜ ምን ሆናለች? ዓይኗ ምን ሆነ? እኔን ላለማስጨነቅ ብለው ከሆነ፣ ይኸው ተጨንቄአለሁ፤ ከዚህ በላይ አልጨነቅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እየሰማሁ ያደግሁት እርስዎ ቤት ነው።

እውነቱን ብቻ ይጻፉልኝ።

መሠረት

ገንዳ ውሃ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለመሠረት፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። በገዛ ተረቴ መታሽኝ፤ እሺ፣ እነግርሻለሁ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

የልጅሽ ዓይን ወደ ላይ ይሄዳል። ተቀምጣ እየተጫወተች ሳለ ድንገት ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ትጀምራለች። ጥቁሩ ወደ ላይ ወጥቶ ከሽፋኑ ሥር ሊጠፋ ትንሽ ይቀረዋል። ወደዚህ እዪ ብትያት አይወርድም። አንገቷ ወደ ኋላ ይቆለመማል፣ መንጋጋዋ ይገጥማል፣ ምራቋ ይዝረከረካል። ለሰዓታት ያህል እንደዚያ ሆና ይለቃታል፤ ከለቀቃት በኋላ እንደ ደከመ ሰው ትተኛለች። ስትነቃ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ፍየሎቹን ልታባርር ትወጣለች። መጀመሪያ የታየባት ወባው ለቀቃት ባልን ሰሞን ነው። እኔ ሰሊጥ ሲረግፍ አይቻለሁ፣ አንበጣ አይቻለሁ፣ እንደዚህ ያለ ፍርሃት ግን አላውቅም።

ባየልኝን ጠራነው። መቼም ታውቂዋለሽ፤ መንፈስ የያዘውን ሰው ማስለፍለፍ ይችልበታል ይባላል። ያደረገውን አደረገ። የዓይን ሰው ነው የነካት፣ ቡዳ በልቷታል፣ አለ።

ከዚያ እናትሽና እኔ በጭነት መኪና ወደ ገለጉ ተጉዘን ወንዙ ዳር ያለው ጠበል ወሰድናት፤ ሱባዔ ገባን። እንደምታውቂው ጠበልና ኪኒን አይደባለቅም፤ እዚያ እስካለን ሌላ መድኃኒት በአፏ አልዞረም። ልጄ፣ ምን ልበልሽ! አንድ ቀን እንኳ ዓይኗ አልወጣም። ቄሱን «አባ፣ ጢምዎ ውስጥ ወፍ አለ ወይ?» ብላ አሳፈረችን። እኔ በደስታ አለቀስሁ።

ቤት ተመለስን። እናትሽ ሰውነቷ ይጠና ብላ ኪኒኑን ጀመረችላት። ከሁለት ቀን በኋላ ዓይኗ እንደገና ጣሪያ ላይ ሆነ። ስለዚህ ነገሩ ያለው ቤቱ ውስጥ ነው ብለናል። ጠበሉ ጋ ደህና፣ ቤት ስትገባ መታመም፣ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ሰሊጡ ከተራገፈ በኋላ ቤቱን አፍርሰን ወዲያ ማዶ እንሠራለን። አንቺ የተወለድሽበት ቤት ነው፤ ግን ቤት ይሠራል፣ ልጅ አይሠራም።

ጫማውና አዲሱ ኪኒን ደርሰዋል። ጫማውን አድርጋ ነው የምትተኛው። ኪኒኑን እናትሽ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛዋለች፤ እስክትጠነክር ጨመር አድርጌ እሰጣታለሁ ብላለች።

ጸልዪልን።

አባትሽ ፈንቴ

ገዳሪፍ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣

ሰላምታውን ይቅር ይበሉኝ። ይህን ሲያነቡ አይቀመጡ። ተነሥተው ኪኒኑን ከእማዬ ነጠላ ይፍቱት። አንድም ፍሬ ለዓለሜ እንዳይሰጣት። አሁኑኑ።

ጋኔን አይደለም። ቤቱ አይደለም። የዓይን ሰውም አልነካት። እኔ የላክሁት ኪኒን ነው።

ደብዳቤዎን መንገድ ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። «ጠበልና ኪኒን አይደባለቅም» የሚለው ላይ ስደርስ ወደ ላይ ተመለስኩ። እንደገና አነበብኩት። ኪኒን ስታቆሙ ዳነች፤ ኪኒን ስትጀምሩ ታመመች። ወደ ሙሐመድጣሂር ሰይደሊያ ሄጄ ሰልፉን ጥሼ ገባሁ። ሰው ሰደበኝ፤ ይስደበኝ። ዓይኗን፣ አንገቷን፣ መንጋጋዋን በእጄ እያሳየሁ ነገርኳቸው።

«ልጅቱ ስንት ዓመቷ ነው?» አሉኝ።

«አራት።»

ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «ልጄ፣ እኔ ላንቺ መስሎኝ እኮ ነው!» አሉ። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና «ለማን ነው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ» አሉ። እኔም ለማን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ለእናት መድኃኒቱ ለማን እንደሆነ ሰው ሁሉ የሚያውቅ ይመስላታል።

እንዲህ ብለው አስረዱኝ። ኪኒኑ የአዋቂ ነው። ለሕፃን በሐኪም እጅ፣ በክብደቷ ተለክቶ ካልሆነ አይሰጥም። ሲበዛባት ዓይንን ወደ ላይ ይጎትታል፣ አንገትንና መንጋጋን ያስራል። የሚጥል በሽታ አይደለም፤ ራሷን አትስትም። ዓይኗ ጣሪያ ላይ ቢሆንም ሁሉን ታውቃለች፣ ሁሉን ትሰማለች፣ አሉኝ። ኪኒኑ ሲቆም ይለቃታል። እንደያዛት ካገኛችኋት ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ገንዳ ውሃ ሐኪም ቤት ውሰዷት፤ የሚያላቅቅ መርፌ አለው። የኪኒኑን ማሸጊያ ይያዙና ለሐኪሙ ያሳዩ።

አባዬ፣ ጠበሉን አልናቅኩም። ኪኒኑን ያስቆመልን እሱ ነው፤ እኔ እግዚአብሔር በዚያ በኩል ነገረን ብዬ አምኛለሁ። ቤቱን ግን አያፍርሱት።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ገልብጬዋለሁ። አንዱን ለአዛናው፣ አንዱን ለአንድ የሰሊጥ ደላላ፣ አንዱን ደግሞ በእግሯ ወደ አገሯ ለምትመለስ ትርሐስ ለምትባል ሴት እሰጣለሁ። የድንበሩ ድልድይ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ አለ። አንዱ ቢደርስ ይበቃኛል።

ልጄን በገዛ እጄ እንዳልጎዳት ፈርቻለሁ። ሌላ ምን እንደምጽፍ አላውቅም።

መሠረት

ገላባት፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ፣

ሰላም ለቤታችን ይሁን። መልስ ስጠብቅ ቆይቼ አላስችል ሲለኝ ከረፊቃ ቤት ለቅቄ መጣሁ። ረፊቃ ሻንጣዬን እራሷ ዘጋችልኝ። ድልድዩ ተዘግቷል። ከዚህ ሆኜ የመተማ ዮሐንስ ባጃጆች ወዲያ ወዲህ ሲሉ ይታዩኛል፤ የአንዱን ዘፈን እንኳ እሰማለሁ። አዛናውም መኪናውን ማሳለፍ ስላልቻለ እዚሁ ነው፤ የእሱ ደብዳቤ ገና ኪሱ ውስጥ ነው። ደላላው የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። የቀረችኝ ያቺ ሴት ብቻ ናት።

አዛናው በእግሩ የሚያሳልፈው ሰው አግኝቷል። እኔን መንገዱ ለሴት አይሆንም ብሎ አይወስደኝም እንጂ፣ አዛናው ራሱ ይህን ይዞልኝ ይመጣል። አንድ ቃል ይላኩልኝ። ክፉም ቢሆን ይላኩልኝ። የዓለሜ ዓይን የት ነው ያለው?

ልጅዎ መሠረት

ገንዳ ውሃ፣ ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለመሠረት፣

የዓለሜ ዓይን ቦታው ላይ ነው። ይህን አስቀድሜ ልበልሽ፤ ሰላምታው ከዚህ በኋላ ይሁን። እንደምን ነሽ ልጄ? በልተሻል? የት ነው የምታርፊው?

አሁን እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ያቺ ትርሐስ የምትባል ሴት እግሯ ይባረክ! ድልድዩ ከመዘጋቱ በፊት ልጇን አዝላ ተሻግራ ገንዳ ውሃ ደርሳለች። በየሰሊጥ መጋዘኑ በር «ፈንቴ የሚባሉ ሽማግሌ» እያለች ስትጠይቅ ነበር። የሚያውቀኝ ሰው መንገዱን አሳይቷት እኔ ሰሊጥ ከማራግፍበት ማሳ ድረስ መጣች። እጄን አራግፌ ተቀበልኋት። «አይቀመጡ» የሚለውን ሳነብ ቆሜ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ስሮጥ ነው ራሴን ያገኘሁት። በዚህ ዕድሜዬ ስሮጥ ያዩ ሳሉጎች ሰው የሞተ መስሏቸው ነዶውን እየጣሉ ተከተሉኝ።

ቤት ስደርስ ዓለሜ ይዟታል። እናትሽ ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ ኪኒኑን በማንኪያ ውሃ አሟምታ፣ በገጠመው ጥርሷ መሐል ልታንጠባጥብላት ነበር። ማንኪያውን ቀማሁና ደጅ ወረወርሁት። «ሰውዬ፣ አበድህ?» አለችኝ። የሰሊጥ ጆንያውን ደጅ ከቆመው ትራክተር ተጎታች ላይ አውርደን ዓለሜን ጫንን፤ የጎጃሙ ልጅ አንገቷን በሁለት እጁ ደግፎ ይዞ ሄደ። መንገዱን ሁሉ ለማንም ሳይሆን ለእሷ ዘፈነላት።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ደብዳቤሽንና ማሸጊያውን ሰጠኋት። አንብባ ወዲያው መርፌ ወጋቻት። ከዚያ ቆምን። ቀስ እያለ የዓይኗ ጥቁር መውረድ ጀመረ። መጀመሪያ አምፖሉን አየች፣ ቀጥላ ግድግዳውን አየች፣ ቀጥላ እኔን አየች። እኔን ስታይ ምን እንደተሰማኝ አልጽፍልሽም፤ ወረቀቱ ይርሳል። ሐኪሟ አሳድራ አይታት አሰናበተችን። ከዚያ ወዲህ አንዴም አልያዛትም።

ለእናትሽ ኪኒኑ መኪና ላይ በሙቀት ተበላሽቶ ነው አልኋት። እጇን እንዳትጠላው ብዬ ነው። ሰማችኝና «ፈንቴ፣ ሐኪሟ ስትናገር ጆሮዬ እዚያው ነበረ» አለችኝ። ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። ዓለሜ ራሷ እንጎቻዋን ቆርሳ ስታጎርሳት ነው የበላችው። አሁን ጎኔ ተቀምጣ ጻፍ ትለኛለች፤ እጽፋለሁ፦ «አንቺ ላክሽ፣ እኔ ሰጠሁ። የላከውም እጅ የሰጠውም እጅ ክፉ አላሰበም። እኔ ካንቺ ቂም የለኝም፤ አንቺም ከእኔ አይኑርሽ። ማንኪያውንም አባትሽ ወርውሮ ስላጠፋው ስትመጪ ማንኪያ ይዘሽ ነይ።»

አሁን እናትሽ ፍየል ልታልብ ወጥታለች። የቀረውን ብቻዬን እጽፋለሁ።

ባየልኝ ያደረገውን አደረገ ብዬሽ ነበር። ምን እንዳደረገ አልነገርሁሽም። ዓለሜን መካከላችን አስቀመጥናት፤ ዓይኗ ጣሪያው ላይ ነው። ነጭ ሽንኩርት አሸተታት። መንፈስ የያዘውን ሰው ሲያስለፈልፉ አውራ ጣቱን አጥብቆ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። የያዝሁት እኔ ነኝ። ባየልኝ ጮኸባት፦ «ማን ነህ? ከየት መጣህ? ለፍልፍ!»

በገጠመው ጥርሷ መሐል «ዓለሜ ነኝ» አለች።

«ይህ ነገር ውሸታም ነው፣ የልጅ ስም ይሰርቃል። አጥብቀህ ያዝ» አለኝ ባየልኝ። አጥብቄ ያዝሁ። እንደገና ጠየቃት። «አባባ፣ እኔ ዓለሜ ነኝ» አለች። እኔን ጠርታ፣ ለእኔ ነው የተናገረችው። እኔም አላመንኋትም። ጣቷን ጨመቅሁት።

«ሁሉን ታውቃለች፣ ሁሉን ትሰማለች» የሚለውን ከደብዳቤሽ ሳነብ፣ ልጄ፣ ያን ጊዜ ነው «ዓለሜ ነኝ» ያለችኝን የሰማሁት። ባየልኝም ሲሰማ ራሱን ይዞ ከበራፉ ላይ ቁጭ አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

አሁን ደህና ከሆነች ወዲህ ጠዋት ጠዋት ትመጣና አውራ ጣቷን በእጄ ውስጥ ታስገባለች። «አባባ፣ ጠይቀኝ» ትለኛለች። ማን ነሽ እላታለሁ። «ዓለሜ ነኝ» ትላለች። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየች ትጠብቃለች። አምኛለሁ ካላልኋት ጣቷን አትወስድም።

ድልድዩ ሊከፈት ነው ይላሉ። ስትሄጂ ገና ሁለት ዓመቷ ነበርና መልክሽን ማስታወሷን እንጃ። ደጃችን ስትደርሺ አውራ ጣትሽን ትይዝና ማን ነሽ ትልሻለች። አትደንግጪ፣ አታልቅሺ። ስምሽን ንገሪያት። እሷ እንደ እኛ አይደለችም፤ አንዴ ስትነግሪያት ታምንሻለች።

አባትሽ ፈንቴ